ሁለት ፍርድ ቤት፣ አንድ ጠብ፦ የፍሬዲ ሌከር ክስ ታሪክ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። አሜሪካ ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ከባለቤቷ ጋር አልተስማሙም፤ እሷ ባለችበት ከተማ የፍቺና የንብረት ክፍፍል ክስ አቀረበች። እሱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ አዲስ አበባ መጥቶ እዚህ ሌላ ክስ ከፈተ። ቤታቸው ያለው እዚህ ነው፤ የባንክ ሒሳባቸውና መኪናቸው እዚያ ነው። "ቲቸር፣ ቀድሜ የከሰስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሱ ክስ በራሱ ጊዜ ይዘጋል አይደል? መጥሪያው ደርሶኛል፤ ዝም ብለው ምን ይመጣል?" ትለኛለች።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። መጀመሪያ ያልኳት "ጠበቃ ያዢ" ነው። ግን ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ብዙዎቻችን የዓለም ፍርድ ቤቶች በሙሉ እንደ ወረዳ፣ ዞንና ክልል ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ ይመስለናል። ሁለቱ ሲጋጩ አንድ የበላይ ወጥቶ "አንተ ተው፣ አንተ ቀጥል" የሚላቸው ይመስለናል። እንዲህ ያለ የበላይ ግን የለም። አለመኖሩን ደግሞ ከአርባ ዓመት በፊት ለንደንና ዋሽንግተን ላይ የተነሳ አንድ ክስ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

በኛ አገር ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን እርስ በርስ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። "ቁራኛ" የምንለው ቃል ይህን ሥርዓት ያስታውሳል። የተቆራኙ ሰዎች አንዱ ወደ ግራ ዳኛ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ዳኛ ሊሄዱ አይችሉም፤ ነጠላው ይይዛቸዋል። የዛሬ ባለጉዳይ ግን አንዱ አትላንቲክ ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ ሆኖ ነው የሚካሰሰው።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሬዲ ሌከር የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ በ1922 ካንተርበሪ ተወለደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትርፍ የሆኑ አውሮፕላኖች ገዝቶ ንግድ ጀመረ። በ1948 ሶቪየቶች የበርሊንን መንገድ ሲዘጉ ከተማዋ በአየር ስትቀለብ ከጫኑት አውሮፕላኖች መካከል የሱም ነበሩበት። በ1966 ሌከር ኤርዌይስን አቋቋመ። ትልቁ ሕልሙ ግን "ስካይትሬን" ነበር፤ የሰማይ ባቡር እንደማለት። ባቡር ላይ ማን ከወር በፊት ቦታ ይይዛል? ጣቢያ ሄደህ፣ ትኬት ቆርጠህ ትሳፈራለህ። ለንደን ኒውዮርክንም እንደዚያው ላድርገው አለ። ምግብ የፈለገ ለብቻው ይክፈል፤ ያልፈለገ ዳቦውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ።

ፈቃዱን ለማግኘት ብቻ ስድስት ዓመት ፈጀበት። መንግሥት ሰጠው፣ ከዚያ ነሳው፤ እሱም መንግሥትን ከሰሰ። በ1976 መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደለት። መስከረም 26 ቀን 1977 የመጀመሪያው ስካይትሬን ከለንደን ጋትዊክ ተነሳ። ዋጋው በአንድ ጉዞ 59 ፓውንድ ነበር፤ ሌሎቹ ከሚያስከፍሉት ጋር የማይወዳደር ዋጋ። በሕይወታቸው አሜሪካን እናያለን ብለው ያላሰቡ ጡረተኞችና ተማሪዎች ተሰልፈው ትኬት ቆረጡ። በ1978 ንግሥቲቱ "ሰር" አለችው።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የሌሎች አልነበረም። ሰውየው ብዙ አውሮፕላን በብድር ገዛ፤ ብድሩ በዶላር ነው፣ ገቢው በብዛት በፓውንድ። በ1981 ፓውንድ በዶላር ላይ ሲወድቅ ዕዳው በአንድ ጊዜ አበጠበት። (የውጭ ምንዛሪ ነገር ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም።) በዚያ ላይ በ1981 መኸር ፓን አም ዋጋውን ክፉኛ ቀነሰ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በሌከር ዋጋ፣ ከሌከር የተሻለ መቀመጫና ምግብ። የካቲት 5 ቀን 1982 ኩባንያው ከ250 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ይዞ ወደቀ።

ኩባንያ ሲወድቅ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፤ ሥራው የቀረውን እየሰበሰበ ለአበዳሪዎችና ለገንዘብ ጠያቂዎች ማከፋፈል ነው። የተሾመው ክሪስቶፈር ሞሪስ የሚባል የለንደን የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ሞሪስ መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ ከተረፈው ንብረት ሁሉ ትልቁ ያልተከሰሰ ክስ ሆኖ አገኘው። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ተመካክረው ሌከርን ለመግደል ዋጋ ቀንሰዋል፤ ሊያድነው የነበረውን የብድር ማስተካከያም አበዳሪዎቹን ተጭነው አክሽፈውታል፤ የክሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

የት ይክሰስ? ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው የተመዘገበው ጀርሲ ደሴት፣ የሚሠራው ከእንግሊዝ፣ ሒሳብ አጣሪው እንግሊዛዊ። እንግሊዝ ውስጥ መክሰስ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሕግ ነጋዴዎች ተባብረው ዋጋ ስለቀነሱ ብቻ ካሳ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በዚያ ላይ የተረታ ወገን የረቺውን የጠበቃ ወጪ ጭምር ይከፍላል፤ የወደቀ ኩባንያ ይህን ከየት ያመጣል? አሜሪካ ውስጥ ግን የፀረ ሞኖፖሊ ሕጉ ለተጎዳ ሰው የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ያስከፍልለታል። ጠበቃውም ከሚገኘው ላይ ድርሻ ለመውሰድ ተስማምቶ መሥራት ይችላል። የተከሳሽን የውስጥ ሰነድ የማስወጣት ሥልጣንም እዚያ ሰፊ ነው። መንገዱ ደግሞ ለንደን ኒውዮርክ ስለሆነ የአሜሪካ ገበያ ተነክቷል።

ስለዚህ ሞሪስ በኅዳር 1982 ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ተከሳሾቹ ፓን አም፣ ቲ ደብሊው ኤ፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ ብሪቲሽ ካሌዶኒያን፣ ሉፍታንዛ፣ ስዊስኤር፣ አውሮፕላን ሠሪው ማክዶኔል ዳግላስና የፋይናንስ ድርጅቱ ናቸው። በየካቲት 1983 ኬኤልኤምና ሳቤናን ጨመረ። የጠየቀው ካሳ 350 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በሦስት ሲባዛ ከአንድ ቢሊዮን በላይ።

አሁን የተማሪዬን ባል የመሰለ ነገር መጣ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ ብሪቲሽ ካሌዶኒያን፣ ሉፍታንዛና ስዊስኤር ዋሽንግተን ሄደው መልስ ከመስጠት ይልቅ በጥር 1983 ለንደን ላይ ራሳቸው ከሳሽ ሆነው ቀረቡ። "ይህ ሰው በአሜሪካ እንዳይከሰን እገዱልን" አሉ። የለንደኑ ዳኛም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ጊዜያዊ እግድ ሰጠ።

ይህን እግድ በደንብ እንየው፤ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የለንደን ዳኛ የዋሽንግተንን ዳኛ "መዝገቡን ዝጋ" ሊለው አይችልም፤ ማን ሆኖ? ያዘዘው ሰውየውን ነው። "አንተ ሞሪስ፣ የምትኖረው እዚህ ለንደን ነው፣ በእጄ ነህ። ዋሽንግተን ላይ አንድ እርምጃ ብትራመድ ችሎት ደፍረሃልና እቀጣሃለሁ" ነው ነገሩ። የዋሽንግተኑ መዝገብ ክፍት ነው፣ ዳኛው ተቀምጧል፣ ግን ከሳሹ እግሩ ታስሯል። ውጤቱ ከመዝጋት አይተናነስም።

ዋሽንግተን ያለው ዳኛ ሃሮልድ ግሪን ይባላል። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ግዙፍ ኩባንያ የተከፋፈለበትን መዝገብ የያዘው ዳኛ ነው፤ በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አይደለም። የሞሪስ ጠበቆች በጥቂት ቀን ውስጥ እሱ ዘንድ ሮጡ። "አራቱ አምልጠውናል፤ የቀሩት ተከሳሾችም ነገ ለንደን ሄደው ተመሳሳይ እግድ ካመጡ ክሱ ሞተ" አሉት። ግሪንም የራሱን እግድ አወጣ፦ ፓን አም፣ ቲ ደብሊው ኤ፣ ማክዶኔል ዳግላስ፣ በኋላም ኬኤልኤምና ሳቤና፣ ማናቸውም ወደ ውጭ አገር ፍርድ ቤት ሄደው ይህን ክስ የሚያስቆም ትዕዛዝ እንዳይጠይቁ። እግድን የሚያግድ እግድ በሉት።

እስቲ አስቡት። አንድ ጠብ ነው። ለንደን "እነዚህን አራቱን አትክሰስ" ይላል። ዋሽንግተን "እናንተ ሌሎቹ ለንደን እንዳትሄዱ" ይላል። ሁለቱም ሕጋዊ ፍርድ ቤት ናቸው፣ ሁለቱም የሚያዙት በእጃቸው ያለውን ሰው ነው፣ ከሁለቱ በላይ ደግሞ ማንም የለም። ሁለቱም አገሮች በጣም የተወዳጁ ናቸው፤ ሬገንና ታቸር እንደዚያ በሚፋቀሩበት ዘመን!

መንግሥታቱም ገቡበት። የእንግሊዝ መንግሥት የአሜሪካ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ድንበር ተሻግሮ ኩባንያዎቹን እንዲነካ ስላልፈለገ ቀድሞ በ1980 አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። በዚያ ሕግ መሠረት የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የውጭ አገር የሦስት እጥፍ ካሳ ፍርድ አይፈጽሙም። እንዲያውም እንግሊዛዊው ተከሳሽ ከፍሎ ከሆነ ከትክክለኛው ጉዳት በላይ የከፈለውን በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሶ ማስመለስ ይችላል። በሰኔ 1983 መንግሥት በዚሁ ሕግ ትዕዛዝ አወጣ፤ እንግሊዛውያን ኩባንያዎች በሌከር ጉዳይ ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ሰነድ እንዳይሰጡ ከለከለ።

ከዚያ በፊት በግንቦት የለንደኑ ዳኛ ጉዳዩን በሰፊው አይቶ እግዱ አይገባም ብሎ ነበር። የመንግሥት ትዕዛዝ ሲመጣ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሐምሌ 1983 ገለበጠው። ሰነድ ማቅረብ የተከለከለ ተከሳሽ እንዴት ራሱን ይከላከላል? ክሱ በፍትሕ ሊታይ አይችልም፤ ስለዚህ ይታገድ አለ። ሞሪስ አሁንም ታሰረ።

የአሜሪካው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መጋቢት 6 ቀን 1984 ውሳኔ ሰጠ። ይግባኝ ያሉት ኬኤልኤምና ሳቤና ነበሩ። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ማልኮም ዊልኪ የግሪንን እግድ አጸና። ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሰው ግን ከእግዱ ይልቅ ያስቀመጠው መነሻ ነው። በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ አንድ ዓይነት የገንዘብ ክስ በሁለት አገር ቢከፈት መደበኛው ነገር ሁለቱም ጎን ለጎን እንዲሄዱ መተው ነው። አንዱ ቀድሞ ፍርድ ከሰጠ ያ ፍርድ ወደ ሌላው ተወስዶ "ይህ ነገር አልቋል" ተብሎ ይቀርባል። እግድ መስጠት የሚገባው ፍርድ ቤቱ የራሱን ሥልጣን ሊነጠቅ ሲል ወይም የአገሩ መሠረታዊ ሕግ ሊሸሽ ሲሞከር ብቻ ነው። የግሪን እግድ መከላከያ ስለሆነ ተፈቀደ። (ያልተስማማው ዳኛ ኬነት ስታር ነው፤ አዎ፣ ኋላ ክሊንተንን የመረመረው ስታር።)

ይህን ሳነብ መጀመሪያ አልተዋጠልኝም ነበር። ሁለት ክስ ጎን ለጎን ይሂዱ ማለት ሁለት ጠበቃ፣ ሁለት ወጪ፣ ምናልባትም ሁለት የሚጋጩ ፍርዶች ማለት ነው። ቀድሞ የከሰሰ ይቀጥል፣ የዘገየው ይቁም ማለት አይቀልም ነበር? ይቀላል። ግን እንደዚያ ቢሆን ሰው ሁሉ ለሚመቸው ዳኛ እየተሽቀዳደመ ይከሳል። ዕዳ ያለበት ሰው ራሱ ገና ሳይከሰስ "ዕዳ የለብኝም በሉልኝ" ብሎ ነገር በሚጓተትበት አገር ቀድሞ ከፍቶ ይቀመጣል። አውሮፓውያን በመካከላቸው ቀድሞ ለከሰሰ ቅድሚያ የሚሰጥ ደንብ አላቸው፤ ይህ ዓይነቱ ሽቅድድም እዚያ ሲያስቸግር ኖሯል። እነሱ ግን በስምምነት የተሳሰሩ ናቸው። እንግሊዝና አሜሪካን እንዲህ ያለ ስምምነት አላሰራቸውም ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1984 የመጨረሻው ቃል ከለንደን መጣ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በሎርድ ዲፕሎክ መሪ አስተያየት እግዱን አነሳው። ምክንያቱ ቀላልና ጠንካራ ነበር። ሞሪስ የሚጠይቀው መብት በአሜሪካ ሕግ ብቻ ያለ መብት ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ያንን ክስ የሚያይ ፍርድ ቤት የለም። ሁለት የሚመረጡ ችሎቶች ቢኖሩ "ወደዚህኛው ና" ማለት ይቻል ነበር። ያለው አንድ ብቻ ሆኖ ያንን ማገድ ግን ሰውየውን ዳኛ መከልከል ነው። አየር መንገዶቹም አሜሪካ እየበረሩ፣ እዚያ እየነገዱ፣ በዚያ አገር ሕግ አንጠየቅም ሊሉ አይችሉም።

ከዚሁ ክምር አንድ ለየት ያለ አለ። ሚድላንድ ባንክ ለሌከር ብድር የሰጠ የእንግሊዝ ባንክ ነው። እኔንም አሜሪካ ይከሰኛል ብሎ ስለፈራ ቀድሞ እግድ አወጣ። የሱ እግድ ግን ኋላም በይግባኝ ጸና፤ ምክንያቱም ባንኩ ያደረገው ሁሉ እንግሊዝ ውስጥ፣ በእንግሊዝ ሕግ፣ ከእንግሊዝ ደንበኛ ጋር ነው። የከሳሹ ወገን አንድ፣ አገሩ አንድ፣ መልሱ ግን ተለያየ። ስለዚህ ማንም "የሌከር ውሳኔ እንዲህ ይላል" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግራችሁ ረጋ ብላችሁ ስሙት።

መጨረሻውስ? ክሱ ለፍርድ አልደረሰም። እግዱ ሲነሳ ተከሳሾቹ ሰነዳቸውን ይዘው በአሜሪካ ዳኞች ፊት መቆም ተጋረጠባቸው። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ ብሪቲሽ ኤርዌይስን ወደ ግል ሊያዞር ፈልጎ ነበር፤ የቢሊዮን ዶላር ክስ የተንጠለጠለበትን ኩባንያ ማን አክሲዮን ይገዛል? ሬገን በኅዳር 1984 በጉዳዩ ላይ ይካሄድ የነበረውን የወንጀል ምርመራ አስቆመ፤ የፍትሐ ብሔሩን ክስ ግን ማስቆም አይችልም ነበር። በ1985 አየር መንገዶቹ በድምሩ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ተስማሙ፤ ሰር ፍሬዲ በግሉ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ1987 ተሸጠ። ከቢሊዮን ወደ 50 ሚሊዮን፤ ትንሽ ነው? ትንሽ ነው። ነገር ግን ሞሪስ በጥር 1983 እግዱን አክብሮ ቤቱ ቢቀመጥና ለንደን ላይ ባይከራከር ኖሮ ምንም አያገኝም ነበር።

አሁን ወደ ተማሪዬ ልመለስ። የኛ አገር ሕግ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። በ1958 ዓ.ም. (ይኸኛው የኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 8 አገር ውስጥ አንድ ክስ ሁለት ቦታ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ቀድሞ የተከፈተው ይቀጥላል። ቀድሞ የተከፈተው ክስ ያለው በውጭ አገር ፍርድ ቤት ከሆነ ግን ክልከላው አይሠራም። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ሥልጣን ካለው መቀጠል ይችላል። ስለዚህ "ቀድሜያለሁ" ማለት ብቻውን አዲስ አበባ ላይ ክሱን አያስዘጋላትም።

የአሜሪካ ፍርድስ እዚህ ይሠራል? የውጭ ፍርድ እዚህ በራሱ አይፈጸምም፤ ማመልከት ያስፈልጋል። ከቁጥር 456 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች መመዘኛ አላቸው፦ ያ አገር የኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ፣ ተከሳሹ ቀርቦ የመከራከር ዕድል አግኝቷል ወይ፣ ፍርዱ የመጨረሻ ነው ወይ፣ ከሕዝብ ሞራልና ጸጥታ ጋር አይጋጭም ወይ። የመጀመሪያው ብቻውን ብዙ ያከራክራል። ቤቱ ደግሞ እዚህ መሬት ላይ ነው። አሜሪካ ያለው ዳኛ እንደ ለንደኑ ዳኛ ሰዎቹን ማዘዝ ይችላል፤ የቤቱን ካርታ የሚያዞረው ግን የአዲስ አበባ መዝገብ ቤት ነው።

በአጭሩ መለስኩላት፦ "የዚያው ክስሽ ይቀጥል። የዚህኛውንም መጥሪያ እንዳትንቂው። ካልቀረብሽ በሌለሽበት ይታያል፤ እዚህ ያለው ቤት ደግሞ በእዚሁ ፍርድ ነው የሚያዘው። እዚያ የከፈትሽውን መዝገብ ለአዲስ አበባው ዳኛ አሳውቂ፣ የዚህኛውን ለዚያኛው። ለሁለቱም ጠበቆችሽ አንድ ዓይነት ነገር ተናገሪ፤ እዚያ ያልሽው እዚህ ተተርጉሞ ሊቀርብ ይችላል።"

ትንሽ ቆይታ መለሰችልኝ። "ቲቸር፣ ሁለት ጠበቃ ልከፍል ነው ማለት ነዋ!" አለች። አዎ፣ ነው። ትናንት በኤምባሲ በኩል ለእህቷ ውክልና ልካለች፤ ቀጠሮው ከመስቀል በኋላ ነው።